እማዬ ጻድቅ ያለቻት ሴትዮ

ባለፈው ሳምንት ልጄ ሶስና ከትምህርት ቤት ስትመለስ ዝናብ ደብድቧት፣ ቦርሳዋም ውሃ ገብቶበት፣ የምትወደው ባለ ሥዕል መጽሐፍ ርሶ መጣና ከሰል አቀጣጥዬ ከምድጃው አጠገብ ዘረጋሁት። ትንሽ ቆይቶ እርጥብ ወረቀት እየሞቀ ሲደርቅ የሚያወጣው ያ ሽታ፣ ሙጫውም ቀለሙም ጭሱም ተቀላቅሎ ቤቱን ሲሞላው፣ ደብረ ብርሃን ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤቴ ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ አንኮበር ገባሁ። ሽታ እንዲህ ነው፤ ሳይጠሩት ይመጣል፣ ሂድ ቢሉትም አይሄድም።

ቤታችን ከገበያው ወረድ ብሎ፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ነበር። ጠዋት በር ስንከፍት ከቆላ የወጣው ጉም ቀድሞን ይገባና እስከ ረፋድ ድረስ አብሮን ይቀመጥ ነበር። አባባ ከበግ ፀጉር ባና የሚሠራ ሸማኔ ሲሆን፣ እማዬ ፀጉሩን አጥባ፣ ነድፋና ፈትላ ታቀርብለት ነበር። እህቴ እታገኝ በአምስት ዓመት ትበልጠኛለች። አባባ ድሩን ከመወጠሩ በፊት የባናውን ስፋት ይነግራትና ስንት ክር እንደሚበቃው ይጠይቃት ነበር፤ እሷም ጣሪያውን አየት አድርጋ ትነግረዋለች፣ ተርፎም ጎድሎም አያውቅም። አባባ ይህን ለጎረቤት ሲያወራ ኩራቱ ከፊቱ ላይ ይነበብ ስለ ነበር፣ በሒሳብ ድንጋይ የነበርኩት እኔ በቅናት ድብን እል ነበር።

አንድ ዓመት ሰኔ ላይ፣ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ጥቂት ሲቀረው፣ ከውጭ አገር የተላከ አንድ ካርቶን መጽሐፍ መጣ። መምህርት ሰብለ የምትባል፣ ከደነባ የመጣች፣ ስታስተምር ድምፅዋን ከፍ የማታደርግ ወጣት የሳይንስ አስተማሪ ነበረች፤ ካርቶኑን እነ እታገኝ ክፍል ውስጥ ስትከፍተው እኛ ታናናሾቹ በመስኮት ተንጠልጥለን እናይ ነበር። ስስ ስስ፣ ሰፋፊ፣ በቀለም ያበዱ መጻሕፍት ነበሩ፤ እያንዳንዳቸው የአንዲት ሴት ታሪክ ይዘዋል። አንዷ ገደል ሥር ድንጋይ እየፈለጠች የጥንት አውሬ አጥንት ታወጣለች፣ ሌላዋ በቁጥር የተሞላ ሰሌዳ ፊት ቆማ ታስባለች፣ አንዷ ደግሞ መልኳ ቁርጥ የእኛ ሆኖ መነጽር አድርጋ ወረቀት ላይ አጎንብሳለች። በዚህችኛዋ ምክንያት ሁለት ልጆች ተጣልተው መጽሐፉ ለትንሽ ሳይቀደድ ቀረ። ሴት ልጅ ሒሳብ ስትሠራ ሥዕል የሚሣልላት መሆኑ ለሁላችንም አዲስ ነገር ነበር።

እታገኝ ከክፍሏ አንደኛ ስለ ወጣች ከመጻሕፍቱ አንዱን ለክረምቱ ወደ ቤት ይዛ እንድትሄድ ተፈቀደላት፤ ጽሑፉ እንግሊዝኛ ነበርና መምህርት ሰብለ የራሷን መዝገበ ቃላት ጨምራ አዋሰቻት። የመረጠችው የሰማይ ተመራማሪዋን ነበር። በሽፋኑ ላይ ረጅም ጥቁር ቀሚስ የለበሰች፣ ነጭ ቆብ ያጠለቀች ሴትዮ በረጅም ቱቦ ጫፍ ላይ ዓይኗን አድርጋ ወደ ሰማይ ታያለች፤ ከራሷ ኋላ ክብ ጨረቃ ሙሉ ሆና ወጥታለች።

እማዬ ያንን ሥዕል ባየች ጊዜ ፀጉር ትነድፍ ነበር። እጇን በቀሚሷ ጠርጋ መጽሐፉን ተቀበለችና ግንባሯን አስነክታ ተሳለመችው። ጥቁር ቀሚስና ነጭ ቆብ ካየች፣ በራሷም ዙሪያ ብርሃን ካለ፣ ለእማዬ ሌላ ማስረጃ አያስፈልጋትም ነበር።

«ይቺ ጻድቅ ማን ትባላለች?» አለች።

እታገኝ ስሟ ምላሷ ላይ አልዞር ብሏት፣ ዕድሜዋን ሙሉ ሰማይ ስታይ የኖረች ሴት መሆኗን ብቻ ነገረቻት። እማዬም፣ ታዲያ እኔስ ምን አልኩ በሚል ዓይን አየቻትና ከዚያን ቀን ጀምሮ ሴትዮዋ በቤታችን እማሆይ ሆና ቀረች። ከባና ቁራጭ ማኅደር ተሰፋላት፣ እጁን ያልታጠበ እንዳይነካት ተከለከለ፣ ማደሪያዋም ከማርያም ሥዕል ሥር ሆነ። እታገኝ ልታርማት ትችል ነበር፤ ነገር ግን ገድል የሚያነብ ሰው ለሥራ አይጠራም በሚል ሕግ፣ መጽሐፉን በገለጠች ቁጥር ውሃ መቅዳቱም ፍግ መጥረጉም ይቀርላት ስለ ነበር ዝም አለች። እኔ ነበርኩ የምቀዳው፤ የእማሆይ ጽድቅ በእኔ ጀርባ ላይ ነበር።

ክረምቱን በሙሉ ከጉሙ ሸሽተን ምድጃው ዳር ተቀምጠን፣ እታገኝ ቃል በቃል ከመዝገበ ቃላቱ እየፈለገች ታወጋኝ ነበር። ሴትዮዋ የሻማ ሠሪ ልጅ ነበረች፤ ለአገሩ ሁሉ ሻማ ሲሠሩ ለራሳቸው አንድ ማብራት የማይችሉ ድኾች ነበሩና፣ ልጅቱ በጨለማ መቀመጥ ሲሰለቻት ጣሪያ ላይ ወጥታ ሰማይ ማየት ጀመረች። እታገኝ አንድ ገጽ ከተረጎመች በኋላ ቀጣዩን ቶሎ አትገልጥም ነበር፤ እንዳያልቅባት እንደ ሸንኮራ ትቆጥበው ነበር።

ነገሩ የጀመረው በዚያው ክረምት ነው፣ ግን ያኔ እንደ ቀልድ ነበር። ቀን ቀን ከገደሉ ማዶ ያለ ከብት የማን እንደሆነ የምትለይ ልጅ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ የገዛ በራችንን ትስት ጀመር። በርጩማ ይጠልፋታል፣ ተኝቶ የሚያመሰኳ በሬ ላይ ትወጣለች። አባባ «አንቺ ልጅ፣ ሰማይ ሰማይ ስታዪ ምድሩ ጠፋብሽ» እያለ ይቀልድባት ነበር፤ እሷም አብራን ትስቅ ነበር።

መስከረም አልፎ ጥቅምት ሲገባ፣ ውርጩ ጠዋት ጠዋት ሣሩን ነጭ ሲያደርገው፣ ሳቁ ቆመ። አንድ አመሻሽ እታገኝ ከወንዝ ስትመለስ መንገዱን ለቅቃ ወደ ገደሉ ስትሄድ ከኋላዋ ነበርኩ፤ ጠራኋት፣ ቆመች፤ አንድ እግሯ የገደሉ ጫፍ ላይ ነበር። እንደ ቆመች ሁለት እጇን ዘርግታ አየሩን እየዳበሰች ስሜን ትጠራ ነበር። ያን ለት ነው የፈራሁት። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ዳፍንት ነው፣ ጉበት ይድናታል አለ፤ አባባም በግ አረደላት፣ ዘመድም ባረደ ቁጥር ጉበቱ ለእሷ ይላክ ጀመር። እሷ ጠግባ ስትተው የተረፈውን እኔ ስለምጨርሰው ዳፍንት የሌለብኝ ልጅ ወፈርኩ፤ የእሷ ዓይን ግን እንዳለ ነበር።

ኅዳር ላይ አባባ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ወሰዳት፤ ሲመሽ እጇን ይዤ እንድመራት እኔም ሄድኩ። ዶክተሩ ወጣት ነበር፤ ዓይኗ ውስጥ ጠብታ አድርጎ፣ ብርሃን እያበራ ረጅም ጊዜ ካየ በኋላ፣ የዓይኗ የኋላ ክፍል ከዳር ጀምሮ ወደ መሃል እየሞተ መሆኑን፣ ከዘር የሚመጣ እንጂ የምግብ ነገር አለመሆኑን ለአባባ ረጋ ብሎ አስረዳው። አባባ ባርኔጣውን በእጁ እያሽከረከረ መድኃኒቱን ጠየቀ፤ የለውም አለው። አዲስ አበባስ አለ፤ አዲስ አበባም የለም። ውጭ አገርስ ሲል ዶክተሩ እዚያም ገና እንዳልተገኘለት ነገረው። አባባ የሚጠይቀው አገር አለቀበት።

ያን ጊዜ እታገኝ «የማይበት ቀዳዳ በዓመት ምን ያህል ይጠባል?» ብላ ጠየቀች።

ዶክተሩ ቀና ብሎ አያት፤ እንዲህ ብሎ የጠየቀው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከሰው ሰው እንደሚለያይና መናገር እንደማይቻል ነገራት። ወደ አንኮበር ስንመለስ፣ መኪናው ቁልቁለቱን ሲጀምር እታገኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ «ለካ እኔም እንደ እማሆይ በቱቦ ነው የማየው» አለችኝ።

ዶክተሩ መናገር አይቻልም ያለውን ራሷ ልታገኘው ቆርጣ ተነሣች። የበልጉ ዝናብ ሲጀምር፣ እነ እማዬ እርሻ ሲውሉ፣ እኔን ረዳት አድርጋ ሥራ ጀመረች። ወደ ጓዳ በሚወስደው ግድግዳ መሃል ላይ አንድ ምስማር ነበር፤ እሷ ሁልጊዜ አንድ ቦታ በሚቀመጥ በርጩማ ላይ ሆና፣ አንድ ዓይኗን በእጇ ሸፍና ምስማሩን ብቻ ታያለች፣ እኔ ከሰል ይዤ ከዳር ወደ መሃል ቀስ እያልኩ አመጣለሁ፤ ከሰሉ ሲታያት «አሁን» ትላለች፣ እኔም እዚያው ነጥብ አደርጋለሁ። ከላይም ከታችም ከጎንም እንዲሁ አድርገን ነጥቦቹን ስናገናኛቸው ክብ ይወጣል። የመጀመሪያው ክብ ሰፌድ ያክል ነበር። በወሩ፣ ማርያም በዋለች ማግሥት፣ ደግመን ለካን፤ አዲሱ ክብ በአሮጌው ውስጥ ገብቶ ቁጭ አለ። በሚቀጥለውም ወር እንዲሁ። እኔ ጨዋታ መስሎኝ ክቦቹ ሲያምሩ ደስ ይለኝ ነበር፤ እሷ ግን ክሮቹን ስትቆጥር እንደምታደርገው ጣሪያውን አየት አድርጋ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ስሌቱን ጨርሳ ነበር፤ መልሱን ግን አልነገረችኝም።

እማዬ ከሰሉን ግድግዳው ላይ አይታ ምን እንደሆነ ጠየቀችኝና ነገርኳት። አልተቆጣችም፤ ለፋሲካ ቤቱ ይለቅለቅ ብላ ጾሙ ገና ሳይጋመስ ነጭ አፈር አስመጥታ በጥብጣ፣ ሌላውን ግድግዳ ትታ ከዚያ ጀመረች። ማታ እታገኝ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እርጥቡ ግድግዳ ፊት ቆማ በጣቷ ዳበሰችው። ደግመን እንለካ ወይ ብዬ ብጠይቃት «አያስፈልግም፤ አሁን አውቀዋለሁ» አለችኝ። እማዬም ጭቃ በነካው እጇ እንደ ቆመች ቀረች።

መጽሐፉ ያን ሁሉ ወር ከእኛ ጋር ነበር። እታገኝ መስከረም ላይ መልሳው ነበር፤ መምህርት ሰብለ ግን የሐኪሙን ነገር ከሰማች በኋላ ያለ ምንም ቃል እንደገና እጇ ላይ አኖረችው። ቀን ቀን፣ ብርሃን ባለበት፣ ቀጥታ የምታየው ትንሽ ቦታ ጥርት ያለ ስለ ነበር፣ መስኮት ሥር ሆና ፊደሉን እየለቀመች ታነብ ነበር። የሻማ ሠሪው ልጅ አድጋ፣ ቱቦውን በገዛ እጇ ሠርታ፣ ማንም ያላየውን የሚንቀሳቀስ ብርሃን ሰማይ ላይ አይታ፣ ቀሚሷን ሰብስባ ወደ ሊቃውንቱ ስትሮጥ ደርሰን ነበር። ያመኗት እንደሆነ የሚነግረው ቀጣዩ ገጽ ነበር። እታገኝ ያንን ገጽ ለአዲስ ዓመት አስቀመጠችው።

ጳጉሜ ላይ፣ የሩፋኤል ለት፣ እማዬ በማለዳ ቀስቅሳን ወደ ጸበሉ ወሰደችን። ዝናቡ ይወርዳል፣ ሰዉም ልጁን ሁሉ አውጥቶ በዝናቡ ያስመታል። ፏፏቴው ሥር ስንደርስ እማዬ ነጠላዋን ገለጥ አድርጋ ማኅደሩን አወጣች፤ በገድል መታሸት የተለመደ ነው፣ በሽተኛው ላይ ይጋደምለታል፣ ስለዚህ የሚያየን ሁሉ ራሱን ዝቅ እያደረገ ያልፍ ነበር። መጽሐፉን የሽፋኗ ጨረቃ ደግማ በተሣለችበት ገጽ ገልጣ የእታገኝ ፊት ላይ አስደገፈችውና ሁለቱንም ወደ ውሃው አስገባቻቸው።

«እማሆይ፣ ሰማዩን ካየሽበት ዓይን ለልጄ አካፍያት» ትል ነበር፤ ድምፅዋ ከውሃው በላይ ይሰማ ነበር።

እታገኝ መጀመሪያ እጆቿን ወደ መጽሐፉ ከፍ አድርጋ ነበር። ልትነጥቃት ነው ብዬ ጠበቅሁ። ከዚያ የእማዬን ድምፅ ሰማችና እጆቿን ቀስ ብላ መልሳ አወረደቻቸው። ምን እንደሚደርስበት ታውቃለች፤ እኔም አውቃለሁ፤ ሁለታችንም ውሃው ሥር እየተንቀጠቀጥን ዝም አልን። ምን ይባላል?

ቤት ስንደርስ እማዬ መጽሐፉን ምድጃው ዳር አቆመችው። ያ ሽታ ያን ለት ነው ወደ አፍንጫዬ የገባው። ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ ዓይነት ስለ ነበር ሲደርቅ እርስ በርሱ ተጣብቆ እንደ ቂጣ ጠጠረ፤ የፊተኞቹ ገጾች እንደ ምንም ተላቀቁ፣ የኋለኞቹ ግን ለመግለጥ ስንሞክር ሥዕሉ እየተላጠ ይቀር ነበርና እታገኝ ተዪው አለችኝ። ትምህርት ቤት ሲከፈት ልትመልሰው ወሰደችው። መምህርት ሰብለ ያበጠውን መጽሐፍ በእጇ ገልብጣ አይታ፣ እታገኝ ጋ ይቆይ ብላ ሰጠቻትና ዞራ ሰሌዳ መጥረግ ጀመረች፤ ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ነገር አልነበረም። በዓመቱ እሷም ተቀይራ ሄደች። እታገኝ ዘጠነኛ ክፍልን አጋምሳ፣ ሰሌዳው ሙሉ በሙሉ ሲጠፋት፣ ቤት ቀረች። ለእንደ እሷ ዓይነቱ ሌላ የመማሪያ መንገድ እንዳለ የሚነግረን ሰው በአካባቢያችን አልነበረም።

ዓመታት ካለፉ በኋላ፣ ኮሌጅ ገብቼ ለእረፍት ስመጣ፣ እማዬ ደጅ ተቀምጣ ስትፈትል አጠገቧ ሆኜ ያቺ ሴትዮ ጻድቅ እንዳልነበረች ለመንገር ዳር ዳር አልኩ። እንዝርቷን ሳታቆም አቋረጠችኝ።

«ሞኝ አደረግሽኝ? እታገኝ ገና ያኔ፣ ከሐኪም ቤት ስትመለሱ ነግራኛለች። የፈረንጅ ኮከብ ተመልካች እንደሆነች አውቅ ነበር።»

ታዲያ ጸበል ድረስ ለምን ወሰድሻት አልኳት።

«ጻድቃኑን ለምኜ ጨርሼ ነበር ልጄ። ሐኪሙም የለኝም ብሏል። እሷ ደግሞ ቢያንስ ዓይን የምታውቅ ሴት ናት። እጄን አጣጥፌ ልያት?»

 እታገኝ አሁን አንኮበር ከእማዬ ጋር ናት፤ ከቀዳዳዋ የቀረው ብርሃንና ጨለማን መለየት ብቻ ሲሆን፣ እጇ የእማዬን እንዝርት ለምዷል። አንድ ጊዜ ያቺ ሴትዮ መጨረሻዋ ምን እንደሆነ ስልኬ ላይ ፈልጌ ላግኝልሽ ወይ ብያት ነበር። እሷ ግን «ተዪው፣ እየሮጠች ትቆይ» ብላ ወደ ሌላ ወሬ አለፈች። ቅዳሜ ቅዳሜ ስንደውል ሶስና መጽሐፎቿን እያገላበጠች ሥዕሎቹን በቃል ትነግራታለች። የሶስና መጻሕፍት በአማርኛ የተጻፉ ናቸው፤ መልካቸው የእኛን የሚመስሉ ሳይንቲስት ሴቶች ሞልተውባቸዋል፣ ማንም አይጣላባቸውም። በቤቴ መብራት በጣት ይበራል፣ ሐኪም ቤቱ ቅርብ ነው፣ ሐኪሙም የበሽታውን ስም አሳምሮ ይነግርሻል። መድኃኒቱን ግን ያኔ የጠየቅነውን ያህል ዛሬም እንጠይቃለን።

ከዘር የሚመጣ ነው ያለው የዶክተሩ ቃል ከእኔ ጋር አድጓል። ሶስና ከተወለደች ጀምሮ ፀሐይ ስትጠልቅ መብራት ለማብራት አልቸኩልም፤ ከቀሚሴ አንድ ቁልፍ ቆርጬ ይዣለሁ፣ ምንጣፉ ላይ ጣል አደርገውና አንሺልኝ እላታለሁ። ጨዋታ ይመስላታል። ሁልጊዜ ቶሎ ታነሣው ነበር። መጽሐፏ ከሰሉ ዳር ይደርቅ በነበረበት በዚያ ምሽትም ጣልኩላት፤ ጎንበስ ብላ ቁልፉ ካረፈበት ራቅ ያለ ቦታ በእጇ መዳሰስ ጀመረች። ምናልባት ደክሟት ነው። ምናልባት ስትዘል ስለዋለች ነው። ቁልፉ እግሯ አጠገብ ነበር።

ቆይታ አገኘችውና ሰጠችኝ፤ ከዚያ ምንጣፉ ላይ ተጋድማ መጽሐፏ ደርቆ እንደሆነ ጠየቀችኝ። አነሣሁት፤ ሞቆ ነበር። ልሰጣት ጎንበስ አልኩና እንዴት እንዳደረግሁት ሳላውቅ ገልጬ ፊቷ ላይ፣ ዓይኖቿ ላይ አሳረፍሁት፣ በእጄም ያዝ አደረግሁት። ኮሌጅ የጨረስኩ ሴት ነኝ።

«እማ፣ እንዲህ ሸፍነሽኝ እንዴት ላንብብ?» አለችኝ ከሥሩ እየሳቀች።

እታገኝ ያኔ ውሃው ሥር ሆና ይህንኑ ማለት ትችል ነበር። መጽሐፉን አነሣሁላትና መብራቱን አበራሁ፤ ማድረግ የምችለው እሱን ነበር።